ለቤት ስቱዲዮ የሚሆን የሥዕል ማሳያና የድምፅ ማጉያ ስለ መምረጥ

በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች በራፍ ላይ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚታይ አዲስ ዓይነት ደንበኛ አለ። ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ በጀርባው የላፕቶፕ ቦርሳ አዝሏል፤ ሥራውም የሠርግ፣ የመዝሙር፣ የዘፈን ወይም የንግድ ማስታወቂያ ፊልም በመኖሪያ ቤቱ ሆኖ መቁረጥ፣ መቀጠልና ማቀናበር ነው። ይህ ሰው ወደ ሱቁ ገብቶ «ለኤዲቲንግ የሚሆን ሞኒተርና ስፒከር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። «አለ» ይባላል። በመርካቶ እንዲህ ላለው ጥያቄ «የለም» የሚል መልስ የሚሰጥ ባለሱቅ ቢገኝ እንደ ብርቅ የሚቆጠር ነው። ከዚያም ለጽሕፈት ቤት የተሠራ ማሳያና ለጭፈራ ቤት የተሠራ ድምፅ ማጉያ ታሽጎለት ይሄዳል። ሻጩ አላታለለውም፤ ያለውን ሸጠለት። ገዢውም አልተሞኘም፤ የሚያውቀውን ጠየቀ። ዳሩ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም ሳይዋሹ ዕቃው ለታሰበለት ሥራ ሳይሆን ቀረ።

የዚህ ስሕተት ዋጋ የሚታየው በሱቁ ውስጥ ሳይሆን በደንበኛው ደንበኛ ቤት ነው። የሠርጉ ፊልም ተዘጋጅቶ ለሙሽሮቹ በተሰጠ ጊዜ፣ በአዘጋጁ ማሳያ ላይ እንደ ወተት ነጭ የነበረው ነጠላ በቤተ ሰቡ ቴሌቪዥን ላይ ቢጫ መስሎ ይታያል፤ የሙሽራይቱም ፊት ከመጠን በላይ ቀልቶ ትኩሳት የያዛት ትመስላለች። በአዘጋጁ ክፍል ውስጥ ደኅና ይሰማ የነበረው ከበሮ በመኪና ውስጥ ሲከፈት ዘፋኙን ውጦ ያስቀረዋል። ሠርግ ደግሞ ተመልሶ አይደገስም። አዘጋጁ ገንዘቡን ባይመልስ እንኳ ስሙን ያጣል፤ ስሙን ያጣ ባለሙያም ወደዚያው ሱቅ ሁለተኛ ዕቃ ሊገዛ አይመጣም። ጉዳዩ ለነጋዴው ወገን ሊያሳስብ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ድምፅና ሥዕል ለአገራችን ንግድ እንግዳ አይደሉም። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ከተዛወረ በኋላ ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ፣ ከዚያም ካሴት፣ ከዚያም ሲዲና ቪሲዲ በየተራቸው በመርካቶ በኩል ወደ ክፍለ ሀገር ተከፋፍለዋል። የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመርም ተቀባዩን መሣሪያ አስመጥቶ የሸጠው ነጋዴ ነው። ከዚህም ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም የጀመረው አምሓ እሸቴ አስቀድሞ የሙዚቃ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ እንጂ የድምፅ መሐንዲስ አለመሆኑ ነው። ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚፈለግ ያወቀው ደንበኛው በሱቁ ቆሞ ሲያዳምጥ እያየ ነው። ዛሬ በሱቅ ቆሞ የሚያዳምጥ ደንበኛ ጠፍቷል፤ ካርቶን አይቶ የሚገዛ በዝቷል።

ካርቶን አይቶ መግዛት በርካሽ ዘመን ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በታገሡት ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን፣ አስቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ ቀረጡና 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ስለዚህ ያለ ቦታው የገባ አንድ ሞኒተር የአንድን ወጣት የብዙ ወራት ቁጠባ ያጠፋል፤ ያለ ቦታው የገባ አንድ ኮንቴይነር ደግሞ የአስመጪውን ካፒታል በመጋዘን አስሮ ያስቀምጣል። ላኪዎችም ቢሆኑ ጉዳዩ አይመለከተንም ሊሉ አይችሉም። በውጭ ሀገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ በአዲስ አበባ የተቀናበረ ፊልም ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ እስከ ሆነ ድረስ፣ ጆንያና ማዳበሪያ ያልነካው የወጪ ንግድ ነው፤ ጥራቱ የሚመዘነውም እንደ ቡናው በቅምሻ ነው።

እንግዲህ ስለ ሥዕሉ ማሳያ። ለቴሌቪዥንና ለኢንተርኔት የሚሠራ ተራ ፊልም የቀለሙ ስፋት በዓለም አቀፍ ስምምነት የተወሰነ ሲሆን ሬክ 709 ይባላል። የኮምፒውተር ማሳያ ሠሪዎች ኤስአርጂቢ የሚሉትም የቀለም ስፋት ከዚሁ ጋራ አንድ ነው። ነጩ የሚለካው በ6500 ኬልቪን ነው። ከፋብሪካ የወጣ የጽሕፈት ቤት ማሳያ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይልቅ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ብርሃኑም መስኮት ለበዛበት ቢሮ ተብሎ ከፍ ተደርጓል። በሰማያዊ መስተዋት ላይ ነጠላውን ያየ አዘጋጅ ሥዕሉ የቀዘቀዘ ይመስለውና ቢጫና ቀይ ይጨምርበታል። ነጠላውን ያበላሸው እንግዲህ የአዘጋጁ ዐይን ሳይሆን መስተዋቱ ነው። መድኃኒቱም ከሁሉ አስቀድሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ በማሳያው ዝርዝር ውስጥ ቀለሙን 6500 ወይም ኤስአርጂቢ በሚለው ላይ ማድረግ፣ ብርሃኑንም ዝቅ አድርጎ በጨለም ያለ ክፍል ውስጥ መሥራት ነው። በመለኪያ ሲታይ ከ100 እስከ 120 ኒት ያህል ይበቃል።

አዲስ ለሚገዛ ሰው በካርቶኑ ላይ ሊነበብ የሚገባው አንድ ቁጥር አለ። «72% ኤንቲኤስሲ» የሚል ከተጻፈ ማሳያው በግምት ሙሉውን ኤስአርጂቢ ያሳያል ማለት ነው። «45% ኤንቲኤስሲ» የሚል ከሆነ ግን ከቀለሙ አንድ ሦስተኛው ያህል ስለሚጎድለው ለሒሳብ ሠራተኛ ይሰጥ እንጂ ለፊልም አዘጋጅ አይሸጥ። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ ያለው መስተዋት ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ዓይነት ነው። የመስተዋቱም ስሪት አይፒኤስ ሲሆን ከጎን ሆነው ሲያዩት ቀለሙ አይለወጥም፤ ቲኤን የሚባለው ግን አዘጋጁ አንገቱን ቀና ባደረገ ቁጥር ሌላ ሥዕል ያሳየዋል። እነዚህ ሁለቱ ተሟልተው በ24 ኢንች ስፋት 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ማሳያ ለጀማሪ ይበቃል፤ አቅም ያለው ደግሞ ወደ 27 ኢንችና ወደ 2560 በ1440 ከፍ ቢል መልካም ነው።

ባለሱቁ ጮክ ብሎ የሚያስተዋውቃቸው ሌሎች ነገሮች ለዚህ ሥራ እዚህ ግቡ የሚባሉ አይደሉም። በሴኮንድ 144 ጊዜ መታደሱ ለጨዋታ ወዳድ እንጂ በሴኮንድ 25 ሥዕል ለሚቆርጥ ሰው ትርፍ የለውም። መስተዋቱ ጎባጣ መሆኑ ለዐይን ያምራል፤ ቀጥ ያለውን መስመር ግን ያጎብጣል። ሚሊዮን በአንድ ተብሎ የሚጻፈው የብርሃንና የጨለማ ልዩነት የተገኘው መብራቱን ከሥዕል ወደ ሥዕል ከፍና ዝቅ በማድረግ ነውና፣ ለአዘጋጅ እንዲያውም የሚጠፋ ነገር ነው። ኤችዲአር የሚለው ምልክትም 400 ኒት ብቻ በሚያወጣ ማሳያ ላይ ሲለጠፍ ከጌጥ አያልፍም።

በሞኒተር ፋንታ ትልቅ ቴሌቪዥን የሚገዙ አሉ። ቴሌቪዥን ለደንበኛ ማሳያ ይሆናል፤ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሙሽሮቹ ሥራውን የሚያዩበት ቢሆን ክብር አለው። የሥራ ማሳያ ማድረግ ግን ችግር ያመጣል፤ በሱቅ እንዲደምቅ ተብሎ የተስተካከለው ቀለም እቤት ከገባም በኋላ እንደ ደመቀ ይቀራል፣ አንዳንዱም የሥዕሉን ጠርዝ ቆርጦ ያስቀራል። የብላክማጂክን የመሰለውን የሥዕል ማውጫ ካርድ በተመለከተ ደግሞ፣ ይህ ዕቃ ኮምፒውተሩ በቀለሙ ጣልቃ ሳይገባ ሥዕሉ በቀጥታ ወደ ማሳያው እንዲደርስ ያደርጋል። ለቴሌቪዥን ጣቢያ ለሚሠራ ሰው ተገቢ ነው። ማሳያው ያልተለካ ሰው ካርዱን ቢገዛ ግን የተሳሳተውን ቀለም በትክክል ማየት ብቻ ይሆንለታል።

ይህ ሁሉ ተብሎም፣ ወጣቱ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለሥዕሉ ሳይሆን ለድምፁ ማዋል ይገባዋል። ይህ አሳብ ብዙ ሰው አይቀበለውም፤ ሱቆቹም በሥዕል በኩል ስለሚያበሩ የገዢው ዐይን አስቀድሞ ወደዚያ ይሄዳል። ሆኖም ተመልካች ጥቂት የጠቆረ ሥዕልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም፤ ስልኩን ይዘጋና ወደ ሌላ ያልፋል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት በሌላ ነገር የተነገረ ቢሆንም፣ ክፉ ድምፅ ማጉያ ፊት የተቀመጠ አዘጋጅ በእርግጥ ጆሮው ባዳ ሆኖበታል።

በድምፅ በኩል ትልቁ የካርቶን ላይ ተንኮል ዋት ነው። «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ማጉያ በመርካቶ ሞልቷል። ፒኤምፒኦ የሚባለው አቆጣጠር በዐይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ይገኛል ተብሎ የሚገመት ኃይል ሲሆን ሠሪው ሁሉ እንደ ወደደ ይጽፈዋል፤ እውነተኛው ኃይል አርኤምኤስ በሚለው ይታያል። ለአንድ ትንሽ ክፍል በአንድ ማጉያ ከ40 እስከ 70 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው። ይልቁንም የሚፈለገው ማጉያው ከራሱ ምንም ሳይጨምርና ሳያጣፍጥ የተቀበለውን እንዲናገር ነው። የጭፈራ ማጉያ ሆን ተብሎ ወፍራሙን ድምፅ እንዲያበዛ ስለ ተሠራ፣ በእርሱ የሚሠራ አዘጋጅ ከበሮው በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ፊልሙ በሌላ ቤት ሲከፈት ከበሮ የሌለበት እስክስታ ይሆናል።

በዚህ ነገር ላይ ዓለም የሚያውቀው አንድ ምሳሌ አለ። ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ኤንኤስ-10 የሚባል ማጉያ ለመኖሪያ ቤት ብሎ ሠራ። በመኖሪያ ቤት ብዙም አልተወደደለትም፤ በስቱዲዮ ግን እስከ 2001 መሠራቱ እስኪቆም ድረስ ነጭ ሽፋኑ የማይታይበት ክፍል ጥቂት ነበር። የተወደደውም ድምፁ ስላማረ አይደለም። እንዲያውም ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ስለሚወጋ መሐንዲሶች በላዩ ለስላሳ ወረቀት ይለጥፉበት ነበር። ጥቅሙ የድምፁን ጉድለት ሳይደብቅ በማሳየቱና ሁሉም ጠባዩን በማወቁ ነው። ከዚህ የሚገኘው ነገር ለአስመጪው ይጠቅማል፤ አሥር ዓይነት ማጉያ ሁለት ሁለት አድርጎ ከማምጣት፣ ሁለት ዓይነት መርጦ ዓመት እስከ ዓመት ማቅረብ ይሻላል። አዘጋጆቹ በአንድ ዓይነት ዕቃ ሲሠሩ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ፤ መለዋወጫውም ይለመዳል።

ዛሬ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚፈለጉት የራሳቸው ኃይል ማጉያ በውስጣቸው ያለ ባለ 5 ኢንች ስፒከሮች ናቸው። የያማሃ ኤችኤስ5፣ የኬአርኬ ሮኪት፣ የጄቢኤል 305 ከነዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ባለሱቁ ሲሸጣቸው አንድ ነገር ቢናገር ይመሰገናል። ለምሳሌ ኤችኤስ5 «ከ54 ኸርዝ ጀምሮ» ያሰማል ተብሎ የተጻፈው ድምፁ በ10 ዴሲቤል ደክሞ በሚለካበት ስፍራ ነው፤ ሳይደክም የሚሰማው ከ74 ኸርዝ ወደ ላይ ያለው ነው። የትልቅ ከበሮ ሆድ ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። እንግዲህ ማሲንቆውን፣ ክራሩንና የሰውን ድምፅ በእነዚህ ማጉያዎች አምኖ ማስተካከል ይቻላል፤ የከበሮውን ታች ግን በጆሮ ማዳመጫ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ደኅና ዝግ የጆሮ ማዳመጫ የትርፍ ዕቃ አይደለም። ግድግዳው ስስ በሆነ የኪራይ ቤት የሚሠራ ሰው ሌሊት ማጉያ ሊከፍት ስለማይችል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢገዛ ያዋጣዋል። የሶኒ ኤምዲአር-7506 ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ ሳይለወጥ የሚሸጥ ሲሆን ዋጋውም ከጌጠኞቹ አይበልጥም። የዚህ ዓይነት ዝናው የወጣ ዕቃ ግን ተመሳስሎ የተሠራው ብዙ ነው። ሐሰተኛውን በካርቶኑ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ክብደቱን፣ የሽቦውን ጥንካሬና ከሁሉም ይልቅ ድምፁን ከታመነው ጋራ አጠገብ ለአጠገብ ማስተያየት ይሻላል። ከታወቀ አከፋፋይ ያልገዛ አስመጪ ግማሹ እውነተኛ ግማሹ ሐሰተኛ የሆነ ዕቃ ደርሶት ራሱም ሳያውቀው ሊሸጥ ይችላል።

ማጉያውን ከላፕቶፑ የጆሮ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ማገናኘት እዝዝ የሚል ድምፅ ያመጣል። በመካከሉ አነስተኛ ሳውንድ ካርድ ገብቶ ሽቦው ባለ ሦስት መስመር ሚዛናዊ ገመድ ቢሆን እዝዝታው ይጠፋል። ባለሱቁ ማጉያውን ሸጦ ገመዱን «ከውጭ ግዛ» ማለቱ የሚያስገርም ነው፤ ትርፉ ያለውም፣ ደንበኛው ተመልሶ እንዳያማርር የሚያደርገውም ገመዱ ነውና። የድምፁን ከፍታ መጠን በሚመለከት ደግሞ ያለ ዋጋ የሚገኙ መለኪያዎች አሉ። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ በአማካይ ከዜሮ በታች 23 ኤልዩኤፍኤስ ይጠቀማሉ፤ ዩቲዩብ ደግሞ ከዜሮ በታች 14 ገደማ ከሚሆነው አልፎ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ጩኸት ጨምሮ ከጎረቤት ለመብለጥ መሞከር በዚያ ገበያ ትርፍ የለውም።

«ተመልካቹ በስልክ ነው የሚያየው፤ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ተቃውሞ ይሰማል። እውነት አለበት። የተሠራውን በመጨረሻ በስልክና በታክሲ ውስጥ ማድመጥ ያስፈልጋል። ግን ስልኮቹ ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ያደላል። መካከለኛውን ልክ የያዘ ፊልም በሁሉም ላይ ጥቂት ጥቂት ይሳሳታል፤ በአንዱ ስልክ ልክ የተሠራ ግን በሌላው ላይ እጥፍ ይሳሳታል። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ባለሱቅ «ገዢውም እቤቱ ሚዛን የለው» ብሎ አይከራከርም።

ከዕቃው በኋላ ክፍሉ ይመጣል። ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ባለ ብሎኬት ክፍል 57 ኸርዝ ገደማ ያለውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ስለሚያጎላው፣ ጥሩ ማጉያ እንኳ በዚያ ውስጥ ይዋሻል። የእንቁላል ካርቶን በግድግዳ መለጠፍ ክፍሉን ያስቀይመዋል እንጂ ወፍራሙን ድምፅ አያግደውም። በማዕዘኖቹ ላይ የቆመ ወፍራም የጥጥ ፍራሽ፣ ከበስተኋላም የተሰቀለ ድርብ ጋቢ ከዚያ ይሻላል፤ ሁለቱም ከዚያው ከመርካቶ ይገኛሉ። ማጉያዎቹ ከግድግዳው ራቅ ብለው በጆሮ ከፍታ ይቀመጡ፤ ሁለቱ ማጉያዎችና ራስ እኩል ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲዘንብ ግን የማዳመጫው ጊዜ ነው፤ ለዚህ ሌላ መድኃኒት የለም።

መብራትን በሚመለከት ለአስመጪው የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። የአገራችን ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በአሜሪካ ለሚሸጥ ተብሎ የተሠራ ማጉያ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል በሻንጣ መጥቶ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ ልክ ቢሆንም መሰኪያው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ ደንበኛው በርካሽ አስማሚ ሲሰካው የምድር ሽቦው ይቋረጥና እዝዝታው ይመለሳል። ዕቃው ሲታዘዝ በአውሮፓ መሰኪያ እንዲሆን መጠየቅ ቀላል ነው። ስታብላይዘርና ዩፒኤስም አብረው ቢቀርቡ ገዢው በደስታ ይወስዳቸዋል።

«ደንበኛው የሚጠይቀው ርካሹን ብቻ ነው» የሚሉ ባለሱቆች አሉ። ደንበኛው ርካሹን የሚጠይቀው ልዩነቱን የሚያይበትና የሚሰማበት ስፍራ ስለሌለው ነው። በመርካቶ ጩኸት መካከል ማጉያ ማስሰማት አይቻልም ቢባል እውነት ነው፤ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ የጭፈራና አንድ የስቱዲዮ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ግን የሚያስቸግር አይደለም። ሁለት ሞኒተሮችንም አጠገብ ለአጠገብ አብርቶ በላያቸው የአንድ ነጠላ ሥዕል ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ስለ ዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን፣ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት እንዲያስታውቅ ያዛል። «የተሸጠ አይመለስም» የሚል ጽሕፈት በደረሰኝ ላይ መታተሙ ይህን ግዴታ አያስቀረውም፤ ይልቁንም ማጉያውን እቤቱ ወስዶ ሦስት ቀን ያዳመጠ ደንበኛ ካርቶኑና ደረሰኙ እስካሉ ድረስ በሌላ እንዲለውጥ ቢፈቀድለት፣ ፈቃዱ ራሱ ማስታወቂያ ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ በቅርብ ሊጀመር የሚችለው የቀለም ልኬት አገልግሎት ነው። በማሳያው ፊት ተንጠልጥሎ ቀለሙን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በየጊዜው እንጂ በየቀኑ ስለማያስፈልግ አንድ አዘጋጅ ብቻውን ቢገዛው ያስቆጨዋል። አንድ ሱቅ ግን አንዱን አስመጥቶ የሸጠውን ሞኒተር በነጻ፣ ሌላ ቦታ የተገዛውን በመጠነኛ ክፍያ ቢለካ፣ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ያው ደንበኛ ማሳያውን ተሸክሞ ወደዚያው በራፍ ይመለሳል። መሣሪያው ክብደቱ አንድ ብርጭቆ ሻይ አይሞላም፤ ከዱባይ በእጅ ቦርሳ ጥግ ሊመጣ ይችላል።